የጉሎ ሐር ትሎቼ ኮኩን ሊሠሩ ሲሉ እየላሸቁ አለቁብኝ

የሸማኔ ምራት | ግንቦት 3

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው፣ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

አርባ ምንጭ ዳር ነው የምኖረው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። አማቴ እማማ እስከ ዛሬ እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። እኔ ፈትል ላይ እጄ ስለማይረባ ነው ወደ ትል የዞርኩት። የማረባው የጉሎ ቅጠል የሚበላውን፣ ኤሪ የሚሉትን ነው።

ሁለት ዙር በሰላም አወጣሁ። በሁለተኛው 3 ሺህ ያህል ትል አሳድጌ፣ ሙሽሬው (ትሉ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት የሚሆነው) ከወጣ በኋላ ባዶው ኮኩን፣ ማለትም ትሉ በዙሪያው የሚሸምነው የሐር ቤት፣ 1 ኪሎ ከምናምን መዘነልኝ። ልቤ ሞቀና በሦስተኛው 4 ሺህ አደረግኩት። ክፍሏ ግን ያችው 3 በ4 ናት፤ መደርደሪያውም ሰፌዱም ያው ነው።

እስከ አራተኛው ቆዳ ቅየራ ድረስ ምንም አልነበረም። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ሳምንት ሙሉ አላባራ አለ። ጠዋት ጠዋት እየተመላለስኩ መቀንጠስ ስላቃተኝ ማታ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ ቅጠል ጠቅጥቄ አስገባና በማግስቱ እሱን እሰጣቸዋለሁ። አንዳንዴ ማዳበሪያውን ስከፍተው ቅጠሉ ሞቅ ይላል። ጉሎው ሲያልቅብኝ ሁለት ቀን ካሳቫም ቀላቅያለሁ። ዝናቡ እንዳይገባባቸው መስኮቱን ዘጋሁት። ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ቆርቆሮው ይግላል፤ ከዶሮ አርቢ ጎረቤቴ በተዋስኩት ቴርሞሜትር 33 ዲግሪ አይቻለሁ።

አምስተኛው ዕድሜ ላይ (ከአራተኛው ቆዳ ቅየራ በኋላ ያለው) ሲበሉ ድምፃቸው ልክ እንደ ካፊያ ነው፣ የምታረቡ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ያ ድምፅ ከላይኛው መደርደሪያ አይሰማም። ትሎቹ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተለጥፈው አይበሉም። ሳነሳቸው ሰውነታቸው ልፍስፍስ ይላል። ኩሳቸው ደረቅ ፍሬ መሆኑ ቀርቶ ቀጥኖ ቂጣቸው ላይ ይጣበቃል። አንዳንዶቹ አረንጓዴ ነገር ያስታውካሉ። የሞቱት በግማሽ ቀን ጠቁረው ሲነኳቸው ይፈርጣሉ። ሽታውን ተዉት። ሦስት አራቱ ደግሞ ከሞቱ በኋላ ቀላ ብለዋል። በማግስቱ መካከለኛው መደርደሪያ፣ ከዚያ የታችኛው።

የሞቱትን በእጄ እየለቀምኩ ለዶሮዎቼ እሰጣለሁ (ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም፣ እንዲያውም ወፍረዋል)። ከሰፌድ የምጠርገውን ኩስና ትርፍራፊ ከቤቱ ጀርባ የጉሎዎቹ ሥር እከምረዋለሁ፣ ለማዳበሪያነት ብዬ።

የተረፉት ደረቅ የሙዝ ቅጠል ውስጥ ገብተው ሸመኑ። 1,400 ገደማ ቆጠርኩ፤ ሙሽሬው ውስጡ የሞተበት ብዙ ነው። ባዶውን ስመዝነው 400 ግራም እንኳ አልሞላም። ሲዳስሱት እንደ ሶፍት ስስ ነው፣ አንዳንዱ ከውስጥ ቡናማ ፈሳሽ ነክቶታል። እማማ አንዱን ወስደው ሊፈትሉት ሞከሩና “ይሄ ጥጥ ቢሆን ለፍራሽ ነበር” ብለው መለሱልኝ። ምክንያቱንም ሲነግሩኝ “ሰው አይቶብሽ ነው” አሉ። ባለቤቴ ደግሞ የአጥር ጎረቤታችንን ይጠረጥራል፤ ቲማቲምና ጎመን ላይ ሁልጊዜ ይረጫል።

ጥያቄዬ፦ ምንድን ነው የያዛቸው? ደግሞ ከተረፉት ወፈር ወፈር ያሉ 60 ኮኩን ለዘር አስቀምጫለሁ፤ እንቁላል ላስጥላቸው ወይስ ልተወው?

ጫሞ ዳር | ግንቦት 3

እህቴ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪን። የወባ ርጭት ቤታችሁ ገብቷል? ወይስ ሰፌዱን በአጎበር ሸፍነሻል? ባለፈው ዓመት እኔ ለጉንዳንና ለእንሽላሊት ብዬ ከጤና ጣቢያ የተሰጠንን አጎበር ቆርጬ አለበስኳቸው። ለትንኝ የተነከረው መድኃኒት ለትልም እንደማይመለስ አላሰብኩም። በአንድ ሌሊት አንገታቸውን እያወናጨፉ፣ እያስታወኩ አለቁ። ያኔ የሽቦ ወንፊት ገዛሁ፣ እስከ ዛሬ እሱ ነው።

የሸማኔ ምራት | ግንቦት 3

አይ፣ የትሉ ክፍል አልተረጨም፣ ለብቻው ነው። አጎበርም የለም፤ የሸፈንኩት በአሮጌ ነጠላ ነው። ደግሞ የኔዎቹ በአንድ ሌሊት አይደለም፣ ስድስት ቀን ፈጅቷል።

አሮጌው ቴክኒሻን | ግንቦት 4

እንደምን አለሽ። ትል ሳረባና ሳስረባ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ አንቺ የጻፍሽውን ሳነብ ያለፉብኝ ክፍሎች ሁሉ ሸተቱኝ።

“ስድስት ቀን” ያልሽው ነገሩን ለይቶታል። መርዝ ቢሆን ጫሞ ዳር እንዳለው አንድ ላይ ይወድቁ ነበር። የያዛቸው በባክቴሪያ የሚመጣው የመላሸቅ በሽታ ነው፣ ፍላሸሪ ይሉታል። ኤሪ የመልበሪ ዛፍ ቅጠል ከሚበላው የሐር ትል ይልቅ ጠንካራ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፤ ይህ በሽታ ግን የኤሪም ዋና ገዳይ ነው።

አሁን እንዴት እንደገባ ልንገርሽ። የጤነኛ ትል ሆድ አመዳማ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው፣ እንደ ሳሙና ውሃ ቁጠሪው። ባክቴሪያ ሁልጊዜ ከቅጠል ጋር ይገባል፣ ግን እዚያ ውስጥ አይመቸውም፤ ከኩስ ጋር ይወጣል። ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ያደረ እርጥብ ቅጠል ግን ሞቅ ማለቱ መብላላት መጀመሩ ነው። እሱን ሲበሉ፣ ላዩ ላይ 33 ዲግሪ ሲጨመር፣ ላዩ ላይ ምግብ በድንገት ወደ ካሳቫ ሲቀየር የሆድ ሥራ ይበላሻል። ያኔ ባክቴሪያው እዚያው ይራባል፣ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ቢቆይ ነው። ትልቅ ትል 24፣ 25 ዲግሪ ቢያገኝ ይወዳል፤ እርጥበትም እንደ ሕፃኖቹ አይፈልግም፣ ንፋስ ነው የሚፈልገው። አንቺ መስኮት ዘጋሽበት።

ቀላ ያሉት ሦስት አራቱ ሌላ ባክቴሪያ ናቸው፣ ሰራሺያ የሚባለው። እሱ ብዙ ጊዜ በቁስል ነው የሚገባው። 3 ሺህ በሚይዝ ቦታ 4 ሺህ ስታስቀምጪ እርስ በርሳቸው ላይ እየተራመዱ በእግራቸው ጥፍር ይቧጨራሉ። ጭረቷን በዓይን አታዪያትም።

አሁን ደግሞ ወደ መደርደሪያው። ከላይ ጀመረ፣ መካከል መጣ፣ ታች ወረደ አልሽ። ላይኛው ለቆርቆሮው ቅርብ ስለሆነ በጣም የሚሞቀው እሱ ነው፤ ለምን እዚያ እንደጀመረ ይሄ ይበቃል። የወረደበት መንገድ ግን ሰፌድሽ ነው። ሰፌድ ቀዳዳ አለው። የቀጠነው ኩስ፣ ትውከቱ፣ የፈረጠው ሬሳ ፈሳሽ በቀዳዳው ወደ ታችኛው ቅጠል ይንጠባጠባል። የታችኞቹ ያን ቅጠል ይበላሉ። ሌላው መንገድ እጅሽ ነው፤ ሬሳ ለቅመሽ በዚያው እጅ ቅጠል በትነሻል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን እንደ ቀላል ነገር ጽፈሽው ያለፍሽው ነው። የታመመ ትል ኩስ ጉሎው ሥር ከምረሽ፣ ላዩ ላይ ሳምንት ሙሉ ዝናብ! ዝናቡ ያን አፈር እየፈነጠቀ ታችኛዎቹ ቅጠሎች ላይ ይለጥፈዋል። ማታ የምትቀነጥሺው እጅሽ የሚደርስበትን ታችኛውን ቅጠል እንደሆነ እገምታለሁ። ከክፍሉ ያወጣሽውን መልሰሽ በማዳበሪያ ታስገቢዋለሽ። ዶሮዎቹም የበሉትን እዚያው ግቢ ነው የሚጥሉት።

ኮኩኑ ለምን ሳሳ? ትል ሐር የምትሠራበት እጢ አብዛኛውን የሚያድገው በአምስተኛው ዕድሜ ነው። በሕይወቷ ከምትበላው አብዛኛውን የምትበላውም ያኔ ነው። በዚያች ሳምንት አንጀቷ ከታመመ ከሞት ብትተርፍ እንኳ እጢው ባዶ ነው። የቻለችውን ያህል ትሸምናለች፣ ስስ ይሆናል። አንዳንዷ ሸምና ስትጨርስ ውስጡ ትሞትና ትፈሳለች፤ ቡናማው እሱ ነው፣ በሳሙና ውሃ ብትቀቅዪውም አይለቅም። እማማ “ለፍራሽ” ያሉት ልክ ናቸው፣ ግን ሰው አይቶብሽ አይደለም።

60ዎቹን ለዘር አታስቀሪ። ወፍራሙ ኮኩን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ በሽታው ዘግይቶ ይዞት ሊሆን ይችላል። በቅርቡ ትል ከታመመበት ሰው ቤትም እንቁላል አትውሰጂ። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት በሐር ትል ላይ ሲሠራ የቆየ ነው፤ በወረዳሽ ባለሙያ በኩል ከዚያ የተጠበቀ ዘር ጠይቂ።

ክፍሉን እንዲህ አጽጂው። መጀመሪያ ሁሉንም አውጥተሽ ጥረጊ፣ እጠቢ፣ አድርቂ፤ ቆሻሻ ላይ ክሎሪን አይሠራም። ከዚያ 10 ሊትር ውሃ ላይ 200 ግራም የክሎሪን ዱቄት እና 30 ግራም የተዘፈቀ (ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነ) ኖራ በጥብጠሽ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ መደርደሪያውን እስኪርስ ርጪ። ዱቄቱ ከጠፋ በረኪና አንዱን ለሰባት ውሃ። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ልጆች አይግቡ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ። አንድ ቀን ዘግተሽ ከፍተሽ አናፍሺ። ፎርማሊን የሚባለውን ኬሚካል ርጪ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ይሠራል፣ ግን ከመኖሪያ ቤት ጎን ለሆነ ክፍል አልመክርም። ሰፌዶቹን በዚያው ውሃ ነክረሽ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አውያቸው። እንደገና ስትደረድሪ በየሰፌዱ ሥር ላስቲክ ወይም ጋዜጣ አንጥፊ።

መላ አለ | ግንቦት 4

እንዲህ መድከም ምን ያደርጋል። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትታችሁ ውሃ ላይ፣ ቅጠሉን ነከር። እኔ ሁለቴ አድርጌ ሞቱ ቆሟል።

አሮጌው ቴክኒሻን | ግንቦት 4

ወንድሜ፣ ሞቱ በራሱም ሊቆም ይችል ነበር፤ የሚሞተው ሲያልቅ ይቆማል። በሌላ አገር አንቲባዮቲክ ለሐር ትል ሲሰጥ እንደኖረ አውቃለሁ፣ አልክድም። ግን ቅጠሉን በውሃ መልሰህ አርጥበህ እያበላሃቸው ነው፣ ያ ራሱ በሽታው የሚወደው ነው። ስንት ሚሊ ግራም እንደምትሰጥም አታውቀውም። ኩሱ ደግሞ ዶሮ ግቢ ይደርሳል፣ ዶሮዋ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉን ልጅ ይበላል። ነገ ያ ልጅ ሲታመም ያው ካፕሱል አልሠራ ቢለው ማን ያስታውሳል? ከፈለግህ ኖራ ተጠቀም። ቆዳ ሲቀይሩ፣ መብላት ባቆሙበት ሰዓት፣ ድቅቅ ያለ የተዘፈቀ ኖራ በወንፊት ስስ አድርገህ ነስንስላቸው፤ መኝታቸውን ያደርቀዋል። ሲነቁ ግን ያን አንሥተህ ነው አዲስ ቅጠል የምትሰጠው።

የጠመኔ አቧራ | ግንቦት 5

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ትል አላረባም። ስለ ጎረቤቷ ቲማቲም የተባለው ተዘለለ ብዬ ነው።

ለአባጨጓሬ ከሚረጩት አንዱ ቢቲ የሚባለው ነው፣ ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ። ባክቴሪያ ነው። የሚገርመው መጀመሪያ የተገኘው ከሐር ትል ሬሳ መሆኑ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ኢሺዋታ የተባለ ጃፓናዊ የሐር ትሎች በድንገት የሚወድቁበትን “ሶቶ” የሚሉትን በሽታ ሲመረምር አገኘው። ዛሬ ገበሬ ጎመኑን የሚያድንበት ያኔ የሐር አርቢ ጠላት ነበር። የሚሠራውም ጋሼ ቴክኒሻን ባሉት አመዳማ ሆድ ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያው የሚሠራት ክሪስታል እዚያ ትሟሟና አንጀቱን ትበሳለች። ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፣ ይደነዝዛል። ስለዚህ ከአጥሩ ጎን የተቀነጠሰ ቅጠል የበሉት ሰፌዶች ሁሉ፣ ላይም ይሁኑ ታች፣ አንድ ቀን ላይ ይወድቁ ነበር። የእህታችን ከላይ ወደ ታች በቀናት ነው የወረደው። ጎረቤትየው ነፃ ነው ባይ ነኝ፣ ለዚህኛው እንኳ። ግን ከአጥሩ ዳር ያለውን ጉሎ ለትል አትስጪ፤ ሌላ ኬሚካልም ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓስተር ከእብድ ውሻ ክትባት በፊት የሐር ትል ሐኪም ነበር ብል ተማሪዎቼ ይስቃሉ። በ1865 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ አሌስ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ዓመታት ትል ሲያይ ከረመ። አንድ በሽታ እያሳደደ መስሎት ሁለት ሆነው አገኛቸው። አንዱ ፔብሪን ነው፤ ከእናቲቱ በእንቁላል ወደ ልጅ ይወርዳል። ሁለተኛው ይሄው ፍላሸሪ ነው፤ ከሆድ ባክቴሪያ፣ ከሙቀት፣ ከታፈነ ክፍልና ከተብላላ ቅጠል ጋር አያያዘው። ማዳበሪያሽን ቢያይ ኖሮ ያውቃት ነበር።

የሸማኔ ምራት | ግንቦት 5

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታችኛውን ቅጠል ነው የምቀነጥሰው፣ እንዴት አወቁት! ልጄን አዝዬ ስለሆነ ወደ ላይ መንጠራራት አልችልም። ጠዋት ሄጄ ቅጠሉን አየሁት፤ ከጀርባው አፈር ተፈናጥቆበት ደርቋል። ሦስተኛ ዙር ሙሉ ያንን አብልቻቸዋለሁ።

60ዎቹን ለመጣል ግን አንጀቴ አልቆረጠም። መለያ ምንም የለውም?

አሮጌው ቴክኒሻን | ግንቦት 5

ጆሮሽ ሥር አድርገሽ ነቅንቂው። ደህናው ሙሽሬ ውስጡ ይንከባለላል፣ ኳ ኳ ይላል። የሞተው ተጣብቆ ዝም ይላል። ግን ይሄ ሕያውነቱን እንጂ ጤንነቱን አይነግርሽም፤ ለመሸጥ ለመለየት ተጠቀሚበት፣ ለዘር አይሆንም። ሬሳውንና ኩሱን ደግሞ ከጉሎው ራቅ አድርገሽ ጉድጓድ ቆፍረሽ፣ ኖራ ነስንሰሽ ቅበሪ። ጉሎውን ሥር ሥሩን ጥረጊና ታችኛውን ቅጠል ቁረጪለት። እስከዚያ ድረስ ዶሮዎቹን አስሪያቸው።

የሸማኔ ምራት | ሐምሌ 12

ጠፍቼ ነበር። ወሬዬን ይዤ መጥቻለሁ።

60ዎቹን ነቀነቅኳቸው፣ 23ቱ ዝም አሉ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ “ሰው አይቶብሽ” አላሉም። ሁሉንም ለፈትል አደረግናቸው። ክፍሉን በክሎሪኑ ሁለቴ ረጨሁት፣ ከቆርቆሮው ሥር ባለቤቴ ሣር ደረበልኝ፣ መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት አደረግን። ቀን 33 ያየሁበት ሰዓት አሁን 27 ያሳያል። ማዳበሪያውን ትቼ ቅጠሉን ቅርጫት ውስጥ ሳልጠቀጥቅ፣ ከረጠበ ገመድ ላይ ሰቅዬ አንጠፍጥፌ ነው የምሰጠው። ከላይ የሚቀነጥስልኝ የጎረቤት ልጅ ነው፣ በሳንቲም ተስማምተናል።

አዲስ ዘር በባለሙያዋ በኩል መጣልኝ። ፈርቼ 1,500 ብቻ አሳደግኩ። አምስተኛው ዕድሜ ላይ በአራተኛው ቀን ኩሱ የቀጠነ አንድ ትል አየሁና እጄ ተንቀጠቀጠ። በወረቀት ይዤ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ከተትኩት፣ ሰፌዱን በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል አወጣሁት። ከዚያ ሰፌድ 11 ሞቱ። ከሌላው ምንም።

ባዶው ኮኩን 600 ግራም ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከባለፈው 1,400 ትል ጋር ሳስተያየው አላምንም። እማማ ሁለቱን ፈትለው ሳይመልሱልኝ ቀሩ።

ዶሮዎቹ አኩርፈውብኛል።

አንድ ጥያቄ፣ ጋሼ፦ ያ የተቀበረበት ጉድጓድ ላይ አፈሩ ተመችቷል፣ ለም ይመስላል። ጉሎ ብተክልበትስ?

አሮጌው ቴክኒሻን | ሐምሌ 13

ሙዝ ትከዪበት። ጉሎውን ወዲያ ማዶ።